እጃችንን አውጥተን የወሰንነው መዋጮ ለምን አልተከፈለም?

ልጄ የምትማረው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወላጅ መምህር ኅብረት፣ ወመህ የምንለው፣ አባል ሆኜ ተመረጥኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ወላጆችን ሰብስቦ መዋጮ ማስወሰን ነበር። ሁለት ጊዜ ድምፅ አሰጠን። የመጀመሪያው በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም። ሁለተኛው በክርክር አለፈ፤ ገንዘቡም ተሰበሰበ። እንደ እኔ ወመህ የገባችሁ ካላችሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

ችግሩ ውሃ ነበር። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ሮቶ ተሰንጥቋል። ውሃ በሌለ ቀን የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ይቆለፋል። ከፍ ያሉት ሴት ልጆች የወር አበባቸው ሲመጣ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ይህን የነገረችኝ የገዛ ልጄ ናት። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የከተማው አስተዳደር ምገባውን፣ ዩኒፎርሙንና ደብተሩን ያቀርባል፤ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ለሮቶና ለቧንቧ ግን ትምህርት ቤቱ እጅ ላይ ምንም አልነበረም።

ጊዜው ደግሞ ከባድ ነበር። በዚያው ዓመት የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጨምሯል። ግብሩ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የመጣ ነው፤ ግብሩ የሚሰላበት፣ ለረጅም ዓመታት ሳይከለስ የቆየው የቤቱ ኪራይ ግምት ነው ከፍ የተደረገው። የግል ቤት ያላቸው ወላጆች ስብሰባ የመጡት ወረዳ ተሰልፈው ከርመው ነው። በግብሩ ላይ ድምፅ ስጡ ያላቸው የለም። ገንዘቡም ከተማው ካዝና ይገባል እንጂ «ይህ ለትምህርት ቤት ነው» ተብሎ ተለይቶ አይታይም። እኛ ደግሞ ሌላ ክፍያ ይዘን መጣን።

ተነስቼ ስለ ሴት ልጆቹ ተናገርኩ። «በቤተሰብ 500 ብር እናዋጣ፤ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» አልኩ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በሁለት ወር ውስጥ የከፈለው ከአምስት ሰው አንድ እንኳ አይሆንም።

ከዚያ ይባስ ብሎ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ያልከፈሉ ልጆች ስም ተነበበ። አንዲት ልጅ አልቅሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ስም ይነበብ ያልነው እኛ አይደለንም። መዋጮውን ያመጣነው ግን እኛ ነን። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ሰዉ ዋሸኝ ብዬ ተናድጄ ለዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ርእሰ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ማን አልስማማም ይላል? ልጁ እኮ እዚያ ነው የሚማረው። እጁን ያስወጣው ይሉኝታ ነው» አሉኝ። «ዕድር የሚከፈለው ደብተሩ ስለሚታይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ዞርኩ። ይህን መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ! እንጀራ እየሸጠች ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት «ልጄን በክፉ ዓይን እንዳያዩብኝ ብዬ ነው እጄን ያወጣሁት» አለችኝ።

ኮሚቴያችን ውስጥ አንድ ሐሳብ ነበር፦ የግል ቤት ያለው ብዙ ይክፈል፣ የቀበሌ ቤት ያለው ትንሽ። እኔም ደግፌው ነበር። አንድ ጡረተኛ አባት ግን ሐሳቤን አስለወጡኝ። የልጅ ልጃቸውን ነው የሚያሳድጉት። «ቤት አለህ ብለው ግብር ጨመሩብኝ። ቤቱ ግን እንጀራ አይጋግርልኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው። አዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ከወረሰና ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ከሆኑ ወዲህ መሃል ከተማ ላይ ቤትና ገቢ አብረው አይሄዱም። ደህና የሚነግድ ሰው በጥቂት ብር ኪራይ የቀበሌ ቤት ውስጥ ይኖራል። የግል ቤት ያለው ደግሞ በጡረታ ደሞዝ ግብር ይከፍላል። በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ሲጸድቅ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እኚህ አባት ናቸው።

ለሁለተኛው ድምፅ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ አመጣን። የሮቶውን፣ የቧንቧውንና የሠራተኛውን ዋጋ ጽፈን በር ላይ ለጠፍን። ሲካፈል በቤተሰብ 200 ብር ሆነ፤ 500 ያልኩት በግምት ነበር። የባንክ ሒሳቡ በጣምራ ፊርማ፣ ለከፈለ ሁሉ ደረሰኝ። ድምፁ በምስጢር፣ በወረቀት፤ ሳጥናችን የፓስታ ካርቶን ነበር። ወረቀቱ ላይ «እስማማለሁ»፣ «አልስማማም»፣ «እስማማለሁ ግን አልችልም» የሚሉ ምርጫዎች ነበሩ። የማይችል ለኮሚቴው ሰብሳቢ ብቻ ይነግራል፤ ሌላ ማንም አያውቅም።

ስብሰባው ረጅም ነበር። አንዳንዱ በቁጣ ተናገረ። ወረቀቱ ሲቆጠር ብዙ «አልስማማም» ወጣ፤ እኔም ደነገጥኩ። ግን የተስማማው በለጠ። «አልችልም» ማለታቸውን ራሳቸው ከነገሩን መካከል ቧንቧው ሲቀበር ቅዳሜ መጥተው የቆፈሩ አባቶች ነበሩ፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

አሁን ሁለት ሮቶ አለ። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ውሃ በማይመጣበት ቀንም ክፍት ነው። ለመጸዳጃ ቤቱ በሮች እድሳት ግን ገንዘቡ አልበቃም።

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባል ስለ በሮቹ አንስቶ እጅ እናውጣ አለ። እንጀራ የምትሸጠው እናት ከኋላ ተነሳች። «መጀመሪያ ፕሮፎርማው ይለጠፍ» አለች።