መሬቱ በማን እጅ ነበር? ከሳልፎርድ እስከ ስቶክተን

ከማንችስተር ፒካዲሊ ጣቢያ ትራም ተሳፍሬ የቀድሞው የሳልፎርድ ወደብ ወደነበረው ሳልፎርድ ኪይስ ያቀናሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ወደቡ ወይም ፋብሪካው የተዘጋበት ከተማ እንደገና ሲለማ መጀመሪያ የሚመጣው ምንድን ነው፣ ሕንፃው ነው ወይስ መሠረተ ልማቱ? መልሱን በሰሜን እንግሊዝ ሦስት ከተሞች፣ በሳልፎርድ፣ በብራድፎርድና በስቶክተን ኦን ቲስ፣ በእግሬ እየዞርኩ ልፈልገው ወስኜ ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

58 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የማንችስተር የመርከብ ቦይ በ1894 ሲከፈት ከባሕር ርቃ የምትገኘው ሳልፎርድ የወደብ ከተማ ሆነች። ቆይቶ ግን መርከቦቹ ቦዩ ከሚችለው በላይ ገዘፉ፣ የኮንቴይነር ጭነት ወደ ባሕር ዳርቻ ወደቦች ዞረ፣ በ1982 የሳልፎርድ ወደብ ተዘጋ። 3 ሺህ ያህል ሰዎችም ሥራቸውን አጡ። በማግስቱ ዓመት የሳልፎርድ ምክር ቤት የወሰደው እርምጃ በጉዞዬ ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ በመንግሥት ድጎማ ታግዞ አብዛኛውን የወደቡን መሬት ገዛው። በዚያን ጊዜ መሬቱ በዝገትና በፍርስራሽ የተሞላ፣ ውኃውም የከረፋ ስለነበር፣ በራሱ ገንዘብ ሊገነባበት የሚደፍር ባለሀብት ይገኛል ብሎ ማሰብ አይቻልም ነበር። ምክር ቤቱ በ1985 የልማት ዕቅዱን አወጣ፣ መንገድና የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ፣ መርከቦች ይቆሙባቸው የነበሩት ገንዳዎችም ከተበከለው ቦይ በግድብ ተለዩ።

ኦንታሪዮና ሂዩረን ከሚባሉት ገንዳዎች አጠገብ ብዙ ቆሜያለሁ። በውኃው ላይ እዚህም እዚያም ክብ የአረፋ ቀለበት ከታች እየፈላ ይወጣና ቀስ ብሎ ሰፍቶ ይጠፋል። ገንዳው ውስጥ ከታች አየር የሚነፋ መሣሪያ ስላለ ነው፤ ውኃው እንዳይረጋና ኦክስጅን እንዳያጣ ያደርገዋል። ይህ ዓይን የማይስብ ሥራ ባይሠራ ኖሮ፣ በ2002 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የትሪያትሎን ተወዳዳሪዎች በዚያው ውኃ ሊዋኙ ባልቻሉ ነበር። ዛሬ ጎብኚው ፎቶ የሚያነሣቸው ሕንፃዎች የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ትራሙ በ1999 ደረሰ፣ ዘ ላውሪ የተባለው የቴአትርና የሥዕል ማዕከል በ2000 ተከፈተ፣ ዳንኤል ሊበስኪንድ የነደፈው የጦርነት ሙዚየም በ2002 ተከተለ፣ ቢቢሲም በርካታ ክፍሎቹን ከ2011 ጀምሮ ወደዚያው አዛወረ። ከመሬቱ ግዢ እስከ ቢቢሲ መምጣት 28 ዓመት መሆኑ ነው። በምርጫ ዘመን ለሚያስብ ሹም ይህ እጅግ ረጅም ጊዜ ነው።

ሁሉም ነገር ተሳክቷል ግን አልልም። ትራፎርድ ሮድን ተሻግሬ ወደ ኦርድሶል ሠፈር ስገባ የመስታወት ፎቆቹ ከጀርባዬ ቀሩ፣ ዝቅ ያሉ የሸክላ ጡብ ቤቶችም ተተኩ። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሰፊ መንገድ ብቻ ቢሆንም፣ የወደቡን ሥራ ያጣው ትውልድ የኖረው ከመንገዱ በዚህኛው ወገን ነበርና፣ ልማቱ መንገዱን ምን ያህል ተሻግሯል የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከሙዚየሙ ቅርጽ ይበልጥ ከባድ ነው።

ወደ ብራድፎርድ የሄድኩት በባቡር ነው። ባቡሩ ብራድፎርድ ኢንተርቼንጅ ሲደርስ ሐዲዱ እዚያው ያልቃል። ሾፌሩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በመድረኩ ላይ እስከ ሌላኛው ጫፍ ተራመደ፣ ባቡሩም ወደ ሊድስ ለመቀጠል በመጣበት በኩል ወደ ኋላ ወጣ። የከተማዋ ሌላው ጣቢያ፣ ፎርስተር ስኩዌር፣ በእግር ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ቢሆንም በሐዲድ አይገናኝም። በወረዳው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው እየኖረ፣ ሁለት መቋጫ ጣቢያ እንጂ አንድም አላፊ መስመር የለም። የሱፍ ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሟቸውን የሊትል ጀርመኒን ውብ የድንጋይ መጋዘኖች እያየሁ፣ እነዚህን ሕንፃዎች ለመሙላት ከቀለም ቅብ ይልቅ ሐዲድ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ብራድፎርዶች ስለ ትልቁ ጉድጓድ ሳያወሩ አያልፉም። በ2004 ለአዲስ የገበያ ማዕከል ተብሎ የከተማው እምብርት መፍረስ ጀመረ፤ የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ ግንባታው ቆመ፤ የግል አልሚው ውሳኔ እስኪታወቅ ድረስ መሀል ከተማው በአጥር የተከበበ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ከረመ። ማዕከሉ የተከፈተው በኅዳር 2015 ነው። በዚያ ሁሉ የጥበቃ ዘመን ምክር ቤቱ በራሱ እጅ ባለው መሬት ላይ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ፣ 4 ሺህ ካሬ ሜትር የሚሰፋ ውኃማ አደባባይ ሠርቶ በ2012 ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ይሮጡበታል፣ ሲፈለግም ተመጥጦ ገላጣ አደባባይ ይሆናል። ሌላው ገበያን ሲጠብቅ፣ የከተማው ሕዝብ የነበረው መሬት ማንንም አልጠበቀም።

እግረ መንገዴን ስለ ገንዘቡም ማንሣት አለብኝ። የብሪታንያ መንግሥት ለእነዚህን መሰል ከተሞች ገንዘብ ሲመድብ ለዓመታት በአብዛኛው ያወዳድር ነበር፤ ምክር ቤቶች ዕቅድ ጽፈው ይቀርቡ ነበር፣ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል። የፓርላማው የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ በመጋቢት 2024 እንዳመለከተው፣ ለአካባቢዎች ዕድገት ከተባለው 10.5 ቢሊዮን ፓውንድ ውስጥ እስከ መስከረም 2023 ሥራ ላይ የዋለው 1.24 ቢሊዮን ብቻ ነበር። ለማንችስተር ተስፋ የተሰጠው የፈጣን ባቡር መስመርም በጥቅምት 2023 ተሰርዟል። እንዲህ በሚዋዥቅ ቃል ላይ 28 ዓመት የሚፈጅ ሥራ እንዴት ይታቀዳል?

ስቶክተን የደረስኩት በቶርናቢ ጣቢያ ወርጄ፣ የቲስን ወንዝ በድልድይ ተሻግሬ ነው። በመስከረም 27 ቀን 1825 ተከፍቶ በእንፋሎት ባቡር ታሪክ ስሟን ያስጠራው የባቡር መስመር መድረሻው ይህች ከተማ ነበረች። በ1995 የወንዙ መግቻ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ጭቃ ይጋለጥበት የነበረው ወንዝ ቀኑን ሙሉ የሞላና የረጋ ሆነ። የከተማዋ ዋና መንገድ ግን ወንዙን አያይም ነበር፤ በ1970ዎቹ የተሠራ ካስልጌት የተባለ የገበያ ማዕከል በመካከላቸው ጋርዶ ቆሞ ነበርና። ሰው ወደ ሱቅ መሄድ ሲቀንስ ምክር ቤቱ በ2019 ሁለት የገበያ ማዕከሎችን ገዛ፤ ሱቆቹን ወደ አንዱ ሰብስቦ ካስልጌትን አፈረሰው። ቦታውም ለመናፈሻ ተመደበ። አዲስ ፎቅ የሚወጣበት መሬት ገዝቶ ባዶ ሜዳ ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል፤ ከሦስቱ ከተሞች ውሳኔ ሁሉ እኔ ይበልጥ ያከበርኩት ይህን ነው።

በአጥሩ ክፍተት አሻግሬ ተመለከትኩ። ከጎኔ ቆመው የነበሩ አንድ አዛውንት፣ እዚያው ከተማ ተወልደው አድገው ከዋናው መንገድ ላይ ሆነው ውኃውን ሲያዩ ገና መጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ሠራተኞቹ ሣር አልዘሩም፣ አግዳሚ ወንበርም አላቆሙም፤ ረጅም ቦይ ቆፍረው የዝናብ ውኃ ማስወገጃ ቱቦ እየገጣጠሙ ነበር፣ አንዱም ጉልበቱን ጭቃው ላይ አሳርፎ የቱቦውን ተዳፋት በውኃ ልክ ይለካ ነበር።