አማቴ ከኋላ፣ እኔ ከፊት

መስከረም 21 ቀን አማቴን ለማርያም ንግሥ እንጦጦ ላደርሳቸው በማለዳ ተነሣን። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ኮሮላ ዲኤክስ ስትሆን፣ የሽሮ ሜዳን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተችም ቢሆን ትወጣው ነበር። በዚያ ቀን ግን ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ጉልበት ከዳት፤ ማንኮራፋት የተቀላቀለበት ፉጨትም ታሰማ ጀመር።

ዐዋቂነቴን ለአማቴ የማሳይበት አጋጣሚ በመገኘቱ፣ ከፍታ ሲጨምር አየር እንደሚሳሳና ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን ማደባለቂያ) ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚያጣ አብራራሁላቸው። እርሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ የሚያፏጨው እኮ ከኋላ ነው» አሉ። የተቀመጡት ከኋላ ስለሆነ መስሏቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ጥቂት ቆይቶ በትር የተመረኮዙ አንዲት ባልቴት ቀድመውን ሲያልፉ፣ አማቴ ወርደው ከእርሳቸው ጋር በእግር ቀጠሉ።

ቁልቁል ተመልሼ ጋራዥ ገባሁ። ችግሩ ከፊት መሆኑን አስቀድሜ ስለነገርኩት፣ መካኒኩ ካንዴላዎቹን ሲያወጣ፣ ፊልትሮውን ሲያራግፍና ካርቡራተሩን ሲያጥብ ሁለት ሰዓት ፈጀ። «የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ይሆናል» ሲል ደግሞ ወጪውን አስቤ ጉልበት ያጣሁት እኔ ነበርኩ። የከፍታውን ትንታኔ ስደግምለት ግን ሣቀ። «ጋሼ፣ ዳገቱ 600 ሜትር ነው ብንል እንኳ 6 በመቶ ነው። 6 በመቶ መኪና አያቆምም።»

ከዚያም ወደ ኋላ ዞሮ መዳፉን የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አስጠጋና ሞተሩን እንዳስጮኸው ጠየቀኝ። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ደህና የነበረችው መኪና ታፈነች፤ የወጣው ትንፋሽ የሻይ እንፋሎት ያህል ነበር። የተቃጠለው ጭስ መውጫ ሲያጣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይቀራል፣ ለአዲስ አየርና ቤንዚንም ቦታ አይለቅም። መካኒኩ ፒንሳውን አስገብቶ ጥላሸት የለበሰ ቆረቆንዳ መዝዞ አወጣ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ፍሬ አልተፈለቀቀም ነበር።

ቤት ስደርስ የ5 ዓመቱ ልጄ ሳያቅማማ አመነ። «አባዬ፣ ቤንዚን እየበላች ጨረሰችኝ ትል የለ? በቆሎ አጎረስኳት።» በብርድ ጠዋት ጭስ ሲወጣ ስላየ አፏ በዚያ በኩል መስሎታል።

አማቴ ማታ ጠበል ይዘው ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ከየት በኩል ተገኘ?»