«ጠፍተናል» ወይስ «ጠፋብን»

የድምፅ ስቱዲዮው ያን ጊዜ የነበረው ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ኮብልስቶን ባልደረሰው መንገድ ዳር በተከራየ ግቢ ውስጥ ነው። መቅጃ ክፍሉ የቀድሞ መኝታ ቤት ሲሆን፣ ግድግዳው በስፖንጅና በብርድ ልብስ ስለተሸፈነ ከሰዓት በኋላ እንደ ዳቦ ቤት ይግል ነበር። ወደ አማርኛ የምንመልሰው ተከታታይ ፊልም ሳያውቁ መንኮራኩር አስነሥተው ከሰፈራቸው የራቁ የአራት ልጆች ታሪክ ነበር፤ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ሆነው ሳይተፋፈሩ የሚያዩት ዓይነት። ተርጓሚው እኔ ነኝ። «ጠፈር» በኦሪት ዘፍጥረት ውኃን ከውኃ የለየው ሰማይ ስለሆነ «ኅዋ» እንበል ብዬ ሁለት ቀን ተከራክሬ ተሸንፌ ስለነበር፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ የደረስኩት ቂም ይዤ ነው።

በዚያ ክፍል ትንሿ ልጅ የከዋክብቱን ካርታ ስታይ የራሷ ዓለም ካርታው ላይ የለም፤ በእንግሊዝኛ «ዊ አር ሎስት» ትላለች። እኔ «ጠፍተናል» ብዬ ጻፍኩ። በጆሮ ሲቆጠር ሦስት ምት በሦስት ምት ነው፤ ከንፈር የሚያዘጋ ፊደልም የለበትም። ነገር ግን የሽማግሌውን አብራሪ ድምፅ የሚሠሩት አንጋፋ ተዋናይ የሚቀጥለውን «ጠፍታችኋል» ሲያነቡ፣ ለዓመት በዓል ሳይመጣ የቀረ ዘመድ ደጃፍ ላይ የሚቀበሉ መሰሉና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዳይሬክተሩ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ይሄ እኮ ‹ምነው ጠፋችሁ፣ ቡናው ቀዘቀዘ› ነው የሚመስለው» አለኝ። ቃሉ ትክክል መሆኑን ሦስት ጊዜ ነገርኩት።

የልጅቷን ድምፅ የምትሠራው የ11 ዓመት ተዋናይ በዚያ ቀን 40 ደቂቃ ዘግይታ ከእናቷ ጋር ገባች። እናትየው በሩ ላይ ጫማቸውን እየጠረጉ፣ «ይቅርታ፣ ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነና መንገዱ ጠፋብን» አሉ። እኔ የሰማሁት መዘግየታቸውን ብቻ ነው።

«እስቲ ይድገሙልኝ፣ ምን አሉ?» አለ ዳይሬክተሩ። የተቆጣ መስሏቸው ሁለት ይቅርታ ጨምረው ደገሙለት። እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየህ? በእኛ አገር ሰው አይጠፋም፤ መንገዱ ነው የሚጠፋበት» አለ።

«መንገዱ ጠፋብን» ስድስት ምት ስለሆነ ምስሉን አልፎ ይሄዳል ብዬ ተከላከልኩ። ይህን ጊዜ ልጅቷ፣ «ታዲያ ‹ጠፋብን› ብቻ ብልስ?» አለች። ቆጠርኩት፤ ሦስት ነው። የቀረኝ መከራከሪያ አንድ ብቻ ነበር፦ ፊቷ ማያውን ሞልቶ አፏ ክፍት ሆኖ ሳለ «ብ» ከንፈር ታዘጋለች። በዚህ ትክክል ነበርኩ፣ አሁንም ትክክል ነኝ። ኤዲተሩ ግን ድምፁን በሁለት ፍሬም ወደ ኋላ ገፋው፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ምስል ይህ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው፤ «ብ»ም ምስሉ ወደ መስኮቱ ከተቀየረ በኋላ ወደቀች። ልጅቷ ቃሉን ዝቅ አድርጋ ስትለው የጠፋው መንገዱ ይሁን ቤቷ አልተናገረችም፤ የሳቀም አልነበረም። እኔ እስክሪብቶ የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ሥራውን ያዘዙት ሰዎች ለግምገማ ሲመጡ ዳይሬክተሩ፣ «እኛ ቃል በቃል አንተረጉምም» ብሎ ያንኑ ትዕይንት አሳያቸው። የእናትየውም የልጅቷም ስም አልተነሣም፤ እኔ ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጽሑፌን ለቀረጻ ከመስጠቴ በፊት ለልጆቼ አነብላቸዋለሁ፤ አራት ቦታ ያርሙኛል፣ አንዱን እቀበላለሁ።

ባለፈው ሰሞን ይኸው ዳይሬክተር ደውሎ፣ «ምነው ጠፋህ እኮ!» አለኝ። የመጨረሻው ክፍያዬ እስከዚያ ቀን አልደረሰኝም ነበርና፣ «እኔስ አልጠፋሁም፤ ወደ ሒሳብ ክፍላችሁ የሚወስደው መንገድ ነው የጠፋብኝ» አልኩት። ዝም አለ፤ ዝምታው ከሁለት ፍሬም በላይ ነበር።