ስንት በግ አለዎት?

ዛሬ ምንም ደስ አላለኝም። መብራት ከሰዓት ጀምሮ የለም፣ ደብረ ብርሃንን ደሞ ታውቋታላችሁ ጉሙ ሲወርድ ጋቢ ደርቦ ከመቀመጥ ሌላ ስራ የለም፣ ስልኬም ሞተ ላፕቶፑም ተከተለው፣ ምን ላድርግ ብዬ ለጥናቴ ገጠር ሄጄ ያስሞላሁትን፣ ጥግ የተከመረውን የመጠይቅ ወረቀት መደርደር ጀመርኩ።

አንዱ ላይ "የበግ ብዛት፦ 4" ይላል። 4! ሰውየውን አስታወስኩት፣ ደጁ ላይ ቆመን ስናወራ ከኋላው የሚጮኸው ግልገል ብቻ ከዛ ይበልጥ ነበር። እኔም አይቻለሁ፣ እሱም ማየቴን አይቷል፣ 4 አለኝ 4 ጻፍኩ።

ቆይ ግን ለምን ይነግረኛል? በጉን ቆጥሮ የሄደ ሁሉ ተመልሶ የመጣው ወይ በግብር ነው ወይ በመዋጮ። በዛ ላይ በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቅጃለሁ ብሎ የሚፈርምበት የስምምነት ፎርም አለ፣ የጥናቱን ስነምግባር የሚያየው የኢቲክስ ኮሚቴ ያለሱ ንቅንቅ አያደርግህም፣ ሰውየውን ለመጠበቅ ተብሎ ነው የተሰራው አውቃለሁ፣ ግን ገጠር ውስጥ ፊርማ ማለት የመሬት ክርክር ነው የማዳበሪያ እዳ ነው የሰው ዋስ መሆን ነው። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክረህ "ምንም አያመጣብዎትም" ስትለው ማን ይሰማሃል።

ሁሉም ጋ እንዲህ ነው እንዳልል የመንዝ በግ ዝርያ ማሻሻያ ስራ አለ፣ ገበሬውና ተመራማሪው አብረው የሚሰሩት። በኛ አቆጣጠር 2001 ላይ መንዝ ውስጥ ሞላሌና መሃል ሜዳ የተጀመረው ማለቴ ነው፣ ግልገሉ ሲወለድ ይመዘናል ጡት ሲጥል ይመዘናል 6 ወሩ ላይ ይመዘናል። ድሮ ቶሎ የደረሰው ጠቦት ለበዓል ገበያ ይወጣና ለዘር የሚቀረው የቀጨጨው ነበር። አሁን ተመራማሪው ክብደቱን አይቶ በኮምፒውተር ደረጃ ያወጣል፣ አውራ የሚሆነውን ግን የሚመርጡት ገበሬዎቹ ናቸው፣ ላቱ አላማረንም መልኩ ጥቁር ነው ካሉ አለቀ፣ የኮምፒውተሩ አንደኛ ይወድቃል። እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፣ እምቢ መባል የሚችል ጥናት። እዛ ማንም በጉን አይደብቅም፣ ምን ብሎ ይደብቃል፣ ሚዛኑ ለሱ ነው የተሰቀለው።

የመንዝን የጓሳ ሳር ምድር ደሞ አስቡት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳሩን ራሳቸው ዘግተው ለዓመታት ሳይነኩት ጠብቀው ሲደርስ ራሳቸው እየከፈቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ ድረስ እዛ አለ፣ እኛ ደሞ "ስለ ጥበቃ ያለዎት ግንዛቤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ" የሚል ወረቀት ይዘን እንሄዳለን። መንገዱ ደህና በነበረ ጊዜ ነው እንግዲህ፣ አንድ አባት ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው በትዕግስት ሰሙኝና "ካንተ በፊት የመጣችውም ልጅ ይህንኑ ነው የጠየቀችን፣ ለመሆኑ ደህና ናት? አገባች?" አሉኝ። ጥናቱ የት ደረሰ አላሉም፣ ልጅቷን ነው የጠየቁት። ምን ልበላቸው፣ አላውቃትም። የጥናት ጽሁፏን ግን በኔ ጽሁፍ ላይ ጠቅሻለሁ።

የኔ መጠይቅ ላይ ደሞ "ወርሃዊ ገቢዎ በብር" የሚል አለ፣ ባዶ የተወው ሰው ሲበዛብኝ ስናደድ ነው ያመሸሁት። እናቴ እስከዛሬ ደሞዜን አታውቅም። ስትጠይቀኝ "ይበቃኛል እማዬ" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ፣ እሷም ትተወኛለች፣ አታስፈርመኝም።