የሰኞዋ ድመት

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ያርድ ሴል (ያገለገለ የቤት ዕቃ ግቢ ላይ አውጥቶ መሸጥ) ነበር። አንዲት ሸምገል ያሉ አሜሪካዊት ስድስት ነጭ የኩሽና ፎጣ በ5 ዶላር ሸጡልኝ። ስስ ጥጥ ነው። ብርጭቆ ሲያደርቁበት ብናኝ አይተውም። ጥግ ጥጉ ላይ በእጅ የተጠለፈች ድመት አለች። ለየቀኑ አንድ ፎጣ ነው፦ የሰኞዋ ድመት ታጥባለች፣ የማክሰኞዋ ትተኩሳለች። የሐሙሷ ጠፍታለች።

"የዱቄት ከረጢት ፎጣ ነው የሚባለው" አሉኝ። ለካ ድሮ እዚህ አገር ዱቄት በጥጥ ከረጢት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኑሮ ሲከፋ እናቶች ከረጢቱን ተርትረው ፎጣም የልጅ ቀሚስም ይሰፉበት ነበር። ፋብሪካዎቹም ነቄ ናቸው፤ ባለ አበባ ከረጢት አመጡ፣ የስማቸውንም ቀለም ሲታጠብ የሚለቅ አደረጉት። (እኛ ቤት የዘይት ጀሪካን ተጥሎ ያውቃል?)

ማታ ለእማዬ በቪዲዮ አሳየኋት። ጥልፉን ዞር ብላም አላየችው። "አቡጀዲ አይደል እንዴ! አይብ አንጠፍጥፊበት" አለችኝ።

ታዘዝኩ። የሰኞዋ ድመት አሁን ከሲንኩ በላይ ተንጠልጥላ አጓት እያንጠባጠበች ነው። ሴትዮዋ እንዳያዩብኝ ብቻ!