ሰማያዊ ቡድን ለምን ይሸነፋል?

የተኩስ ጌም ተጫዋች ስለ ጠመንጃ ሲያማርር መጀመሪያ የማየው ሰውየው ጨዋታው ውስጥ የተነሳበትን፣ ማለትም የጀመረበትን ቦታ ነው። ይህን ልማድ ያስያዘኝ አንድ የባቡር ጣቢያ ማፕ (የጌም መጫወቻ ሜዳ) ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ የጌም ቡድን ውስጥ እሠራ ነበር። አራት ለአራት የሚጫወቱት የተኩስ ጌም ነው የምንሠራው፣ አንሪል ኢንጂን በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር። ማፑ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ነው። በደቡብ መጋዘን፣ በሰሜን መሳፈሪያ፣ መሀል ላይ ከሐዲዱ በላይ የሚያልፍ የብረት ድልድይ አለ። ቀይ ቡድን ከመጋዘኑ ይነሳል፣ ሰማያዊው ከመሳፈሪያው። ድልድዩ ላይ ስናይፐር (ከሩቅ የሚመታ ባለመነጽር ጠመንጃ) አስቀምጠናል፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። የሞተ ሰው ትንሽ ቆይቶ እንደገና ስፖን ያደርጋል፣ ማለትም ከመነሻው ይነሳል።

ቢሮ ውስጥ ስንጫወተው ግሩም ነበር። ሁላችንም በአንድ ራውተር ነን፣ ማፑንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከዚያ ፍራንክፈርት ሰርቨር ተከራየንና ለውጭ ሰዎች ከፈትነው። ከሞካሪዎቹ ከፊሎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ያሉ ናቸው፣ ከፊሎቹ ጀርመን የሚኖሩ የኛው ልጆች። ወዲያው ችግር መጣ። ሰማያዊ ቡድን ውስጥ የገባ ሰው ጨዋታው ሳያልቅ ጥሎ ይወጣል። አስተያየቱም ተመሳሳይ ነበር፦ የስናይፐሩ ጉልበት በጣም በዝቷል፣ ቀንሱት።

አንድ ጎረምሳ ብቻ በድምፅ ቻት ላይ ለየት ያለ ነገር ተናገረ። «ኧረ ባካችሁ፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ እኮ ነው የሚገድሉኝ!»

ስብሰባ ላይ ፕሮግራመራችን የስናይፐሩን ጉልበት እንቀንስ አለ። ቀላል ነው፣ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ግን የልጁ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ጠመንጃው ከበዛበት ሰው እንዲህ ያለ አቤቱታ አይጠበቅም። ቁጥሩን ከመንካታችን በፊት የልጁን ጨዋታ ቅጂ ቀስ አድርጌ ልየው ብዬ ለመንኩ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቀስ እያለ ይበራል። ሲበራ ሙሉውን የሞላው ግራጫ ግድግዳ ነው። ልጁ ወደ ቀኝ መዞር ይጀምራል። የመሳፈሪያው ጥግ ይታያል፣ ከዚያ የሐዲዱ ጫፍ፣ ከዚያ የድልድዩ አንድ ምሰሶ። ምሰሶው እንደታየ ልጁ ይወድቃል። አንዲት ጥይት ሳይተኩስ። የገደለው ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ መነጽሩን እዚያው ቦታ ላይ ደግኖ ይጠብቀው ነበር። ቅጂውን ወደፊት ስገፋው ሌላ ሰማያዊ ተጫዋች እዚያው ቦታ ተነሳ፣ እሱም ግድግዳውን አየ፣ እሱም ወደቀ።

ኤዲተሩን፣ ማፑ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ ከፈትኩት። አንሪል ላይ እያንዳንዱ ፕሌየር ስታርት (የተጫዋች መነሻ ነጥብ) ትንሽ ቀስት አለችው። ተጫዋቹ ሲነሳ ፊቱ ወዴት እንደሚዞር የምታሳየው እሷ ናት። ማፑን የሠራው ልጅ አንዱን መነሻ ኮፒ እያደረገ ደርድሯቸዋል። ስለዚህ ቀስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ለመጀመሪያው መነሻ ትክክል ነው፣ ለሦስተኛው ግን ፊት ለፊቱ የቲኬት መሸጫው ግድግዳ ነው። መነሻው ግድግዳ ውስጥ ከገባ ኤዲተሩ ራሱ ያስጠነቅቃል። ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞር ግን ምንም አይልም። ይህን የሚያየው ሰው ብቻ ነው፣ ያውም እዚያ ቦታ ቆሞ ከተጫወተ።

ካሜራውን በሰው ዓይን ከፍታ አድርጌ በየመነሻው ቆምኩ፣ ዙሪያውንም አየሁ። ከዚያ ሥራውን ገለበጥኩት። ድልድዩ ላይ፣ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ፣ ደረጃው አናት ላይ እየቆምኩ የትኛው መነሻ ይታየኛል ብዬ ፈለግኩ። የበለጠ የጠቀመኝ ይሄኛው ነው። ዲዛይነር ሁልጊዜ ከሚነሳው ሰው ዓይን ነው የሚያየው፣ የሚያደባውን ሰው ይረሳዋል። ከድልድዩ መሀል ሦስተኛው መነሻ ወለል ብሎ ይታያል።

የማፑ ዲዛይነር መጀመሪያ አልተቀበለኝም። «ደስት 2ን እየው» አለኝ። እውነቱን ነው። በ2001 የወጣው፣ ካውንተር ስትራይክ የሚባለው የተኩስ ጌም ማፕ ላይ ከአሸባሪዎቹ መነሻ አካባቢ በመሀሉ በር ክፍተት ወደ ሌላው ወገን መተኮስ ይቻል ነበር። ሰውም ለብዙ ዓመት ወድዶት ተጫውቶበታል። ግን እዚያ በአንድ ዙር አንዴ ነው የምትነሳው፣ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ነው የሚጀምረው። መተኮስ ሊኖር እንደሚችል አውቀህ ትሻገራለህ። እኛ ጋ ግን ሰው በየጊዜው ይሞታል፣ በየጊዜው ይነሳል። ያደባው ሰው ከመነሻህ ጋር ቀጠሮ አለው ማለት ነው። ይህን ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀሪውን አብረን ነው የሠራነው።

አስቀድመን ርቀቱን ለካን። በቀጥታ መስመር ሲለካ ሁለቱም ቡድኖች ከድልድዩ እኩል ይርቃሉ፤ ማፑ ሲሳል ታሳቢ የተደረገው እሱ ነው። ሰው ግን በቀጥታ መስመር አይሄድም። መንገዱን በእግር ስንለካው የቀይ ቡድን 42 ሜትር ሆነ። ሰማያዊው ደረጃውን ዞሮ ስለሚወጣ 54 ሜትር ነው። ተጫዋቾቻችን የሚሮጡት በአንሪል የተለመደ ፍጥነት፣ በሰከንድ 6 ሜትር ነው። ስለዚህ ቀይ በ7 ሰከንድ ይደርሳል፣ ሰማያዊ በ9። ስናይፐሩ የማን እንደሚሆን በእነዚያ 2 ሰከንዶች አልቋል። ቀይ ይወስደዋል፣ ድልድዩ ላይ ይቆማል፣ ሦስተኛውን መነሻ ያያል። ነገሩ የተያያዘ ነው፤ ጉልበቱን ብንቀንስ ኖሮ ሰማያዊ ቡድን ትንሽ ዘግይቶ ይሞት ነበር እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ከለላው አለ። አዲስ የተነሳ ሰው ለ2 ሰከንድ ጥይት አይመታውም። ታዲያ እንዴት ይሞታል? ቆጠራው የሚጀምረው ሰርቨሩ ላይ፣ ተጫዋቹ በተፈጠረባት ቅጽበት ነው። ስክሪኑ ከጥቁር እስኪበራ 1 ሰከንድ ይበላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ላይ ደግሞ ፒንጉ፣ መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ይጨመርበታል። ሲበራለት ከከለላው የቀረችው እንጥፍጣፊ ናት፣ እሷንም ግድግዳ በማየት ይጨርሳታል። ጀርመን ያሉት ልጆች ጎበዞች ናቸው ሲባል ነበር የሰነበተው። ጎበዞች ናቸው፣ ግን ሰርቨሩም ደጃቸው ነው።

ቆጠራው ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲነካ እንዲጀምር አደረግነው። ቆሞ ተከልሎ የሚቀር ብልጥ እንዳይኖር ከለላው ከ5 ሰከንድ አያልፍም፣ ተጫዋቹ ከተኮሰም ወዲያው ይቀርበታል። የሰማያዊውን መነሻዎች ወደ ደረጃው አስጠጋናቸው። ቀስቶቹን አንድ በአንድ ወደ መውጫው አዞርን። ከድልድዩ የሚያሳየውን ክፍተት በዕቃ መጫኛ ፉርጎ ዘጋነው።

የቀረው የትኛው መነሻ ይመረጥ የሚለው ነበር። ኢንጂኑ ዝም ብሎ ከተተወ ካልተያዙት አንዱን በዕጣ ነው የሚሰጥህ። ፕሮግራመራችን ሁልጊዜ ከጠላት በጣም የራቀው ይመረጥ አለ። እኔ የኩዌክ 3ን ነገር አነሳሁ። በ1999 የወጣ ጌም ነው፣ ኮዱ በ2005 ለሕዝብ ስለተለቀቀ ማንም ማንበብ ይችላል። ስትሞት መነሻዎቹን ከሞትክበት ቦታ ባላቸው ርቀት ይደረድራል። ከዚያ የራቀውን ግማሽ ወስዶ ከእነሱ ውስጥ በዕጣ ይመርጣል። ዕጣዋን በጣም እወዳታለሁ። ሁልጊዜ የራቀው ብቻ የሚመረጥ ከሆነ ልምድ ያለው ተጫዋች የት እንደምትነሳ አስልቶ ቀድሞ ይጠብቅሃል። እኛ ደግሞ አሁን ጠላት የት ነው፣ መነሻውን ያየዋል ወይ፣ በቅርቡ እዚያ ሰው ሞቷል ወይ የሚሉትን ጨመርን። በእነዚህ ነጥብ ይሰጣል፣ ከተሻሉት ውስጥ በዕጣ ይመርጣል።

እንደገና ስንከፍተው ሰማያዊ ቡድን ማሸነፍም መሸነፍም ጀመረ። ሰውም እስከ መጨረሻው መጫወት ጀመረ። ስናይፐሩን ማንም አልነካውም።

ሁሉም ለራሱ የሚጫወትበትን ሞድ (የጨዋታ ዓይነት) ስንጨምር እነዚያን መነሻዎች እንዳሉ አልወሰድንም። እዚያ የኔ ወገን የሚባል ጥግ ስለሌለ ከማፑ ጫፍ እስከ ጫፍ በተናቸው። ከተጫዋቾቹም ቁጥር በእጥፍ አበዛናቸው። ዲዛይነሩ እያንዳንዱን ካስቀመጠ በኋላ ፕሌይ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ከዚያ ቦታ እየተነሳ ይሞክረዋል። መጋዘኑ ውስጥ ካሉት መነሻዎች ሁለቱን፣ በር ላይ የቆመ ሰው ስለሚያያቸው፣ ራሱ አጠፋቸው።