ለሥራ ፈላጊ የጣት አሻራ ክፍያ ስንተምን

ለሥራ አመልካቾች ከወንጀል መዝገብ ጋር የሚመሳከረውን የጣት አሻራ ለማንሳት ስንት እናስከፍል ብዬ ስጠይቅ ከባልደረቦቼ የመጣው የመጀመሪያ መልስ «ጎረቤት ከተሞች ስንት ያስከፍላሉ?» የሚል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «የገቢ ዕቅዳችን ስንት ይጎድለዋል?» የሚል። ሁለቱንም ወደ ጎን ትቼ ጀመርኩ። የጎረቤት ታሪፍ የጎረቤትን ወጪ እንጂ የእኛን አይናገርም፤ ገና ሥራ ያልያዘ ሰው ኪስ ውስጥ የገቢ ዕቅድ መፈለግ ደግሞ ነውር ነው።

የምሠራው ወሎ ውስጥ በአንድ ከተማ አስተዳደር በገቢ ጥናት ላይ ነው። አሻራ ሊሰጡ ከሚመጡት መካከል የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችን ደጅ የሚጠኑ፣ ለጥበቃ ሥራ ያመለከቱ፣ ባንክ ሊቀጠሩ የጠበቁ ወጣቶች አሉ። ሰልፉን የሚያስረዝሙት ግን ወደ አረብ አገር የሚሄዱት ሴቶች ናቸው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ጉዞውን በአሠሪው ላይ ጥሎ፣ ፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውንና ከወንጀል ነፃ የምስክር ወረቀቱን ለሠራተኛዋ ተወላት። ስለዚህ እኛ የምንጨምረው ብር ብዙውን ጊዜ በብድር ላይ የሚጨመር ነው። ይህን አስቀድሜ በጥናቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ ቁጥሩን የሚያጸድቁት ሰዎች ከፋዩ ማን እንደሆነ ሳያውቁ እጅ እንዳያወጡ።

በሥልጣን በኩል ብዙ ውጣ ውረድ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ክልሎች መሥሪያ ቤቶቻቸው ለሚሰጡት አገልግሎት ክፍያ ወስነው እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል፤ የእኛን ታሪፍ የሚያጸድቀው ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ነው።

ወጪውን ቢሮ ውስጥ ሆኜ ከመገመት ይልቅ ከአሻራ አንሺዋ ጎን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀለሙን ከቱቦው ጠብ አድርጋ መስታወቱ ላይ በጎማ መዳመጫ ታሳሳዋለች። የአመልካቿን ጣት ከጥፍር ጠርዝ እስከ ጥፍር ጠርዝ መጀመሪያ ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎ ቅጹ ላይ ታንከባልላለች፤ አውራ ጣትን ወደ ሰውነት፣ ሌሎቹን ወደ ውጭ። አሥሩ ሲያልቁ የየእጁ አራት ጣቶች አንድ ላይ ሳይንከባለሉ ይታተማሉ፤ የጣቶቹ ቅደም ተከተል አለመምታታቱ የሚታየው በዚህ ነው። ፈርታ እጇን ያደነደነች ልጅ ስትገጥማት «አብሽሪ እህቴ፣ እጅሽን ልቀቂልኝ፤ የማንከባልለው እኔ ነኝ» ትላታለች። ጣት የሚገፋ ሰው አሻራውን ያጨማልቀዋል።

እንሶስላ የሞቁ እጆች ያስቸግሩ እንደሆነ ጠየቅኋት። ቆዳውን ያቀላዋል እንጂ መስመሩን አያጠፋውም አለችኝ። የሚያስቸግሯት ድንጋይ የጠረበ፣ ሲሚንቶ ያቦካ ወይም በበረኪና ልብስ ሲያጥብ የኖረ እጅ ነው። የተላገ ጣት ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይሞከራል፤ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል።

ስሌቱ ከዚህ ወንበር ነው የወጣው። የመንግሥት ሠራተኛ የሳምንት ሥራ 39 ሰዓት ነው፤ ወደ ወር ሲመታ 169 ሰዓት ይሆናል። ለአብነት የወር ደመወዙ 9,000 ብር ቢሆን አንድ ሰዓቱ 53 ብር ገደማ ነው፤ አንድ አመልካች 12 ደቂቃ ቢወስድ ደግሞ 11 ብር ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ ቀለም፣ ቅጽ፣ ሳሙናና ጥጥ ይጨመራል። አንዳንዶች የኃላፊዎችን ደመወዝና የጥበቃውን ወጪ እናካትት ብለው ነበር። ይህ አገልግሎት ቢዘጋ እነዚያ ወጪዎች ይቆማሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ የማይቆም ወጪ በአመልካቿ ላይ የሚጫንበት ምክንያት አልታየኝም። በ2014 ጦርነት ዕቃቸውን ካጡ በኋላ ከፊሉን በድጋፍ ያገኙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለባቸው፤ በነፃ የመጣ ኮምፒውተር የእርጅና ዋጋ በክፍያው ውስጥ ይታሰብ? እኔ ጥገናውን አስገብቼ የእርጅና ዋጋውን አስቀረሁ። አሁንም የሚከራከሩኝ አሉ፤ ክርክሩም መሠረት አለው፤ ማሽኑ ነገ ሲሞት መተኪያው ከየት ይመጣል?

የሌሎች አገሮችን አሠራር ሳነብ ከአሜሪካ የካሊፎርኒያው ጠቀመኝ። እዚያ አሻራውን የሚያነሳው ክፍል የሚያስከፍለው፣ ለግዛቲቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤትና ለኤፍ ቢ አይ ምርመራ የሚከፈለው ተነጣጥሎ ይታያል። እኛም የማንሳቱን ዋጋ ከማጣራቱና ከምስክር ወረቀቱ ለይተን ጻፍን። ያኔ አመልካቹ ለማን ምን እንደከፈለ ያውቃል፤ እኛም በሌላው መሥሪያ ቤት ክፍያ አንወቀስም።

ትልቁ ክርክር የመጣው በድጋሚ ላይ ነው። አሻራው አይነበብም ተብሎ ቢመለስ ማን ይክፈል? አንድ ባልደረባዬ «ድጋሚው ነፃ ከሆነ ሰው ግድ አይሰጠውም» አለ። ድጋሚውን ካስከፈልን ግድ የማይሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው የሚሆነው አልኩት። ከወግዲ ወይም ከተንታ የመጣች ልጅ ለመኪናና ለአልቤርጎ የምታወጣው ከእኛ ክፍያ ብዙ እጥፍ ነው፤ ተበላሸ ተብላ መመለሷ ራሱ ቅጣት ነው። ክፍያው በሙከራ ሳይሆን በሰው እንዲሆን ተስማማን። አሠሪው በደብዳቤ ከላከ ደግሞ ሒሳቡ በአሠሪው ስም ይቆረጣል። ይህን አሠሪዎች ይጠሉታል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ሠራተኛ በብዛት የሚቀጥሩት ግን በአንድ ደረሰኝ መጨረሱ ተስማማቸው።

አስተያየት ስንሰበስብ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አባት «ልጄ፣ ለፋይዳ አሥሩንም ጣቷን ሰጥታ የለም እንዴ? ያ በነፃ ነበር» አሉኝ። የፋይዳው ማንነትን ለመመዝገብ፣ ይህኛው ከወንጀል መዝገብ ጋር ለማመሳከር መሆኑን አስረዳኋቸው። «ጣቷ ያው ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ማስታወቂያው ላይ ግን ልዩነቱን በሁለት መስመር እንዲጻፍ አደረግሁ።

በዚያው ማስታወቂያ ላይ ቅጹ ነፃ መሆኑን ከክፍያው በሚበልጥ ፊደል አስጻፍን፤ በር ላይ የቆሙ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ሲሸጡት ከርመዋልና። ያለ ሞዴል 64 ደረሰኝ ማንም እንዳይከፍልም ተጻፈ። ምክር ቤቱ በረቂቁ ላይ የጨመረው አንድ ነገር የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ነፃ እንዲሆኑ ነው። የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ይምጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ደብዳቤውን ማስጻፍ ሌላ ደጅ ጥናት ስለሆነ የተጠቃሚነት ካርዱ ይበቃል ብዬ ተከራከርኩ፤ አለፈ።

ታሪፉ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ከበጀት ዓመቱ ጋር ሥራ ላይ ዋለ፤ ክለሳው በየዓመቱ ግንቦት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀለም ተወዷል፤ አሻራ አንሺዋ ደግሞ ፈጥናለች። በመጪው ክለሳ አንዱ ሌላውን ያካክሰው እንደሆነ ለማየት ሰዓቴን ይዤ ከጎኗ እቀመጣለሁ።